ካርታው ላይ የሌለው ቆጥ

ጥጋቡ በሕይወቱ የናቃቸውን ሰዎች ቢቆጥር ኖሮ ከተሸከማቸው ቦንዳዎች ሳይበልጡ አይቀሩም። ሃያ ስድስት ዓመት መርካቶ ውስጥ ጭነት የተሸከመ ሰው የሰውን ልጅ የሚያየው ጎንበስ ብሎ፣ ከታች ወደ ላይ ነው። ከዚያ በኩል ሲታይ ደግሞ የተከበረ የሚባል ሰው የለም፤ ሁሉም አገጭና የአፍንጫ ቀዳዳ ነው። ነጋዴው አገጭ ነው፣ ደላላው አገጭ ነው፣ ደንብ አስከባሪውም ኮፍያ ያጠለቀ አገጭ ነው።

አዲስ አበባ የገባው በሃያ ዓመቱ ነበር። መጀመሪያ እህል በረንዳ ጤፍ ተሸከመ። ከኩንታል ሥር አሥራ ሰባት ዓመት ቆይቶ ጉልበቱ ማበጥ ሲጀምር ከሲኒማ ራስ ጀርባ ወዳለው የልብስ መደዳ ተዛወረ። ቦንዳም፣ በገመድ የታሰረው የልብስ ጥቅል፣ ከባድ ነው፤ ግን በቀን የሚወርደው ቁጥሩ ያነሰ ነው። መደዳው ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ ጠባብ መተላለፊያ ሲሆን ሠላሳ ስምንት ሱቆች ግራና ቀኝ ተፋጠውበታል። ጥጋቡ ዓይኑን ጨፍኖ ይሄድበታል። «ዘወር! ዘወር!» ሲል የትኛው ነጋዴ እግሩን እንደሚሰበስብ፣ የትኛው እንደማይሰበስብ ያውቃል።

ከሁሉ ይልቅ ግን ቆጦቹን ያውቃል።

የሱቆቹ ጣሪያ ከፍ ያለ ነው። ነጋዴዎቹ በመካከል ግንድ አጋድመው፣ ጣውላ መትተው፣ በሱቁ ላይ ሌላ ሱቅ ሠርተዋል። መጀመሪያ ዕቃ ማስቀመጫ ነበር። በኋላ የስፌት መኪና ወጣበት፤ ከስፌት መኪናው ጋር ደግሞ ልጃገረዶች ወጡ። ቁልፍ ይተክላሉ፣ ዚፕ ይቀይራሉ፣ የተቀደደውን ይጠቅማሉ። ቆጡ ላይ ቀጥ ብሎ መቆም አይቻልም። መስኮቱ መዳፍ የምታክል ቀዳዳ ናት። እንዲህ ያለ ቆጥ በመደዳው ውስጥ አሥራ አንድ አለ፤ በወረዳው መዝገብ ግን አንድም የለም፤ ምክንያቱም አለ የተባለ ቀን ይፈርሳል።

የመደዳው ሰው አንድ ልማድ አለው። ባለሱቁ ለጥቂት ጊዜ ሲወጣ መሰላሉን ከቆጡ ያነሳና መሬት ላይ ያጋድመዋል። ከዚያ የብረት በሩን ይጎትትና ከውጭ ጓጉንቸሩን ይቆልፋል። ልጆቹ ላይ ናቸው፤ ዕቃው ታች ነው፤ ባለቤቱ ልቡ አርፎ ይሄዳል። ከባለሱቆቹ አንዱ፣ ሐጂ ኑሪ፣ ደግሞ ይጨምሩበታል፤ ሥራ እንዳያስፈታቸው ብለው የልጆቹን ስልክ ጠዋት ሰብስበው በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ያስቀምጣሉ።

በሐጂ ኑሪ ቆጥ ላይ ከሚሰፉት ሁለት ልጆች አንዷ ኢክራ ትባላለች። ሁለተኛዋ የጥጋቡ ልጅ ሎዛ ናት። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እናቷ ከሞተች ወዲህ ከአባቷ ጋር በአንድ ክፍል ያደገች፣ ምላሰኛ ልጅ ናት። ሥራውን የለመነላት ጥጋቡ ራሱ ነው። የተሸከመውን ቦንዳ ገና ከጀርባው ሳያወርድ፣ ጎንበስ እንዳለ ነበር ሐጂን የለመናቸው።

ሌላ ሰፈር እሳት ተነስቶ ብዙ ሱቅ ከወሰደ በኋላ የመደዳው ኮሚቴ ሰብሳቢ አቶ ማስረሻ ወረቀት ይዘው መጡ። አቶ ማስረሻ የሸሚዝ አከፋፋይ ናቸው፤ ደረት ኪሳቸው እስክሪብቶ አይጠፋውም።

«ጥጋቡ፣ በጎ ፈቃደኛ ሆነሃል» አሉት።

«መቼ ፈቀድኩ?»

«ዝርዝሩ ላይ አለህ።»

ሥልጠናው ሦስት ቀን ነበር። ከአንድ ድርጅት የመጣው አሠልጣኝ ስንታየሁ ይባላል። ጭቃ ነክቶት የማያውቅ ቦት ጫማ ያደረገ ወጣት ነው። ጥጋቡ ገና ጫማውን ሲያይ ናቀው። ከጀርባው «የአደጋ ቅድመ ዝግጅትና ምላሽ» የሚል ባነር ተሰቅሏል፤ ባነሩ ሠልጣኞቹ ከተቀመጡበት አዳራሽ ግድግዳ ስለሚበልጥ አንዱ ጫፉ በመስኮት ወደ ውጭ ተንጠልጥሏል። ሠላሳ ሰው ብርቱካንማ ሰደርያ ታደለው። ከሠላሳው ሃያው ሰደርያውን ለብሶ ከመስታወት ፊት ፎቶ ተነሳና ምሳ እስኪደርስ ሰዓቱን ሲያይ ዋለ።

ስንታየሁ ግድግዳው ላይ ሥዕል አበራ። በአረንጓዴ ሜዳ መካከል የቆመ፣ መስታወት በመስታወት የሆነ ፎቅ ነበር።

«እሳት ሲነሳ» አለ፣ «በደረጃ ውረዱ። ሊፍት በፍጹም አትጠቀሙ።»

ከኋላ የተቀመጠው ተሸካሚው ውቤ እጁን አወጣ። «የእኛ ሊፍት ጥጋቡ ነው። እሱንም አንጠቀም?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ስንታየሁም ሳቀ፤ ሲስቅ የቀልዱ ፍቺ እንዳልገባው ግልጽ ነበር። ጥጋቡ ግን አልሳቀም። ውቤን ከድሮ ጀምሮ ይንቀዋል፤ ሁለት ቦንዳ ተሸክሞ የአሥሩን ያህል የሚያቃስት ሰው ነው።

ይሁን እንጂ በሁለተኛው ቀን ስንታየሁ አንድ እውነት ተናገረ። ሰውን ከነበልባሉ ቀድሞ የሚገድለው ጭሱ ነው፤ ጭስ ወደ ላይ ይወጣል፤ ስለዚህ ዝቅ በሉ፣ ጨርቅ አርጥባችሁ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ። ጥጋቡ ወደ ላይ የሚለውን ቃል ሲሰማ እጁ ላይ የያዘው የሻይ ብርጭቆ ቆመ። ማታ እራት ላይ ለሎዛ ነገራት።

«ጭስ ከመጣ ተኚ። ጨርቅ አርጥቢና አፍሽ ላይ አድርጊ።»

«እኛ እኮ ቆጥ ላይ ነን አባዬ። ከመተኛት ሌላ ምን ምርጫ አለን? ስንቀመጥም ግማሽ ተኝተን ነው።» ሽሮዋን በእንጀራ ጠቅልላ ሳቀች። «ሰደርያህን ግን ስጠኝ፤ ቀለሙ ደስ ይላል፣ ቦርሳ ይወጣዋል።»

ሦስተኛው ቀን የካርታ ቀን ነበር። ስንታየሁ ጠረጴዛ ላይ ሰፊ ወረቀት ዘረጋና «መደዳችሁን ሳሉ» አለ። ማርከሩን አቶ ማስረሻ ያዙ። ሠላሳ ስምንት ሳጥን ደርድረው በየሳጥኑ ላይ የባለቤቱን ስም ጻፉ። የራሳቸውን ሳጥን ከሌላው ትንሽ ሰፋ አደረጉት።

«ሰው የሚገኝበት ሌላ ቦታ አለ?» አለ ስንታየሁ። «ምድር ቤት? መጋዘን? ቆጥ?»

ክፍሉ ጸጥ አለ። አስተናጋጅ ሒሳብ ሲያመጣ የሚኖረው ዓይነት ጸጥታ ነበር፤ ሁሉም ሌላ ቦታ ያያል። ከዚያ ዓይኖች አንድ በአንድ ጥጋቡ ላይ አረፉ። እያንዳንዱ ቆጥ ላይ ያለውን ቦንዳ ያወጣው የእሱ ጀርባ ነው። ከእሱ በቀር አሥራ አንዱንም የሚያውቅ የለም፤ ባለቤቶቹ እንኳ የየራሳቸውንና የጎረቤታቸውን ብቻ ነው የሚያውቁት።

«ጥጋቡ፣ አንተ ገብተህ የማትወጣበት ቤት የለም» አለው ስንታየሁ። «የቀረ ነገር አለ?»

አቶ ማስረሻ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሐጂ ኑሪ በመቁጠሪያቸው ላይ አቀረቀሩ።

ጥጋቡ የሁሉንም አገጭ ተራ በተራ አየ። አንድ ቃል ከተናገረ ቆጡ ይፈርሳል፤ ሎዛ ሥራ ትፈታለች፤ ለእሱም ከእንግዲህ በመደዳው ውስጥ ቦንዳ የሚያሸክመው አይኖርም።

«እኔ ተሸካሚ ነኝ» አለ። «ካርታ የት አውቃለሁ?»

ሁሉም በአንድ ጊዜ ተነፈሱ። በምሳ ሰዓት ሐጂ ኑሪ ከራሳቸው ዓሣ ቆርሰው ሰሐኑ ላይ አደረጉለት። በላው፤ እየበላም ናቃቸው።

ማጠቃለያው ልምምድ ነበር። ኮሚቴው ተሰብስቦ ቀኑን ዓርብ፣ ሰዓቱን የጁምዓ ሶላት ጊዜ አደረገው። ገበያ እንዳይስተጓጎል ተብሎ ነው። በዚያ ሰዓት አብዛኛው ሱቅ ይዘጋል፣ መተላለፊያው ባዶ ይሆናል፣ እንግዶችም ሳይጋፉ ማየት ይችላሉ። እሳት ሰው የሌለበትን ሰዓት ጠብቆ የሚነሳ ይመስል ሁሉም «ጥሩ ሐሳብ ነው» አሉ።

ጥጋቡ ሐሙስ ማታ ሎዛን «ነገ አትሂጂ» አላት።

«ለምን?»

«ልምምድ አለ። ትንሽ ጭስ ያጨሳሉ።»

«የሰርግ ልብስ ነው የያዝነው፤ ቅዳሜ ይረከባሉ። ብቀር ሐጂ በቦታዬ ሌላ ሰው ያወጣሉ።» ከዚያ አየት አደረገችው። «ትንሽ ነው አላልክም?»

ትንሽ ነው ብሎ ነበር። ስንታየሁ የተናገረው በባልዲ ውስጥ ስለሚነድ እፍኝ ወረቀት ነበር፤ እሱም በመደዳው አፍ፣ መንገዱ ዳር። ጥጋቡም ይህን አምኖ ተኛ።

አቶ ማስረሻን ግን ከወረዳው የሚመጡት እንግዶች ፊት እፍኝ ወረቀት ማጨስ አሳፈራቸው። በርሜል አስመጡ። በርሜሉ ውስጥ አሮጌ የመኪና ጎማ ከተው ጋዝ አርከፈከፉበት። ለእንግዶቹ የተዘረጋው ድንኳን መንገዱን ስለያዘ ደግሞ በርሜሉ ወደ ውስጥ ገባ፤ ከአራተኛው ሱቅ ፊት፣ የሐጂ ኑሪ የብረት በር ሥር ቆመ። ሐጂ ሶላት ሄደዋል። በሩ ተቆልፏል።

ጥጋቡ ይህን አላየም። እሱ ውቤን ተሸክሞ ነበር። ውቤ የተጎጂ ድርሻ ደርሶት፣ ግንባሩ ላይ የቲማቲም ድልህ ተቀብቶ ቃሬዛ ላይ ተዘርግቷል።

«ቀስ ብላችሁ፣ ሞቻለሁ እኮ» ይላል ውቤ።

«የሞተ ሰው አያወራም» አለ ጥጋቡ ከእግሩ በኩል። «ደግሞ ሞተህም ሰነፍ ነህ፤ እግርህን ሰብስብ።»

ቃሬዛውን ድንኳኑ ጋ ሲያወርድና ዞር ሲል ጭሱን አየ። ጥቁር ነው፤ እንደ ቅባት ወፍራም ነው። ንፋሱ ከመንገዱ ወደ መደዳው ይገፋል። ጭሱ የሐጂ ኑሪን የብረት በር ይልስና በጣሪያው ሥር ባለው ስንጥቅ ይገባል።

በድምጽ ማጉያ የአቶ ማስረሻ ድምጽ ተሰማ። «ሠላሳ ስምንት ሱቅ ተፈትሿል! ሠላሳ ስምንት ባለቤት ደኅና ነው! ውስጥ የቀረ ሰው፦ ዜሮ!»

እንግዶቹ አጨበጨቡ። በጭብጨባው መካከል ጥጋቡ ሌላ ድምጽ ሰማ፤ ጣውላ የሚደበድብ ድምጽ ነው። ቀና ብሎ አየ። መዳፍ ከምታክለው የቆጡ ቀዳዳ ውስጥ ነጭ የሰርግ ሻሽ ወጥቶ ይውለበለባል።

ከእንግዶቹ አንዱ፣ መነጽሩን አናቱ ላይ የሰቀለ የወረዳ ሰው፣ ጣቱን ቀሰረ። «ጥሩ ነው! ይሄም ታስቦበታል!»

ጥጋቡ ለምን ያህል ጊዜ እንደቆመ በኋላ ራሱን ጠይቋል። አንድ ትንፋሽ ያህል ነው። በዚያች ትንፋሽ ውስጥ ቆጡን፣ እንጀራውን፣ ሐጂ የቆረሱለትን ዓሣ አሰበ፤ ማሰቡን ደግሞ ዕድሜ ልኩን አልረሳውም። ሻሹ መውለብለቡን አቁሞ ዝም ብሎ ተንጠለጠለ። ያኔ ነው ለትርኢት ከተደረደሩት ዕቃዎች መካከል ዲጂኖውን መንጥቆ የሮጠው።

«ሰው አለ!» ብሎ ጮኸ። «ላይ ሰው አለ!»

በርሜሉን በእግሩ ገልብጦ ወደ ዳር አንከባለለው። ዲጂኖውን በጓጉንቸሩ ቀለበት ውስጥ አስገብቶ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ጭነት ያነሳበትን ጀርባ ጣለበት። ጓጉንቸሩ ተሰበረ፤ በሩ ወደ ላይ ተጠቀለለ። ሰደርያ የለበሱት ሌሎቹ ሰዎች ትእዛዝ እንደሚጠብቁ ቆመው ያያሉ። ስንታየሁ ብቻ በዚያ ቦት ጫማው ሮጦ ተከተለው፤ የተጋደመውን መሰላል አብረው አነሱ።

ልጆቹ ወለሉ ላይ በሆዳቸው ተኝተዋል፤ አፋቸው ላይ እርጥብ ጨርቅ አለ። ኢክራ መቆም አቃታት። ጥጋቡ ጀርባውን ሰጣት፣ እንደ ቦንዳ አዝሎ አወረዳት። ሎዛ እያሳለች በራሷ እግር ወረደች። የስፌት መቀሷ አሁንም እጇ ላይ ነው።

ከበሩ ሲወጡ ጭብጨባ ጠበቃቸው።

«ግሩም ነው!» አለ የወረዳው ሰው። «እውነተኛ ነው የሚመስለው! ልጆቹማ ተዋናይ ናቸው!»

አቶ ማስረሻ ፊታቸው አመድ መስሎ ጥጋቡ ጆሮ ሥር ደረሱ። «ልምምድ ነው በል» ብለው አንሾካሾኩ። «ልምምድ ነው በል ጥጌ፣ የእኛው ፕሮግራም ነው በል። ሰርተፍኬትም አንደኛ ለአንተ ነው። በልጅህ እንጀራ ይዤሃለሁ።»

ሐጂ ኑሪ ከመስጊድ ሲመለሱ የተሰበረውን ጓጉንቸር አዩ፤ ቀጥሎ ኢክራን አዩ። መቁጠሪያቸው ወደቀ። ጎንበስ ብለው የልጅቷን አናት በሁለት እጃቸው ያዙ። «አልሐምዱሊላህ» አሉ። ቀና ሳይሉም «ጥጋቡ፣ ወንድሜ፣ ቤቴን አታፍርስብኝ» አሉት።

ጥጋቡ ለመጀመሪያ ጊዜ ነጋዴን ከላይ ወደ ታች አየ። ከዚያ በኩል አገጭ አይታይም፤ የሚታየው ነጭ ኮፍያና የጠበበ ትከሻ ነው።

«አባዬ፣ ውሃ» አለች ሎዛ።

ውሃ አመጣላት። ጠጥታ እስክትጨርስ ቆመ። ከዚያ ድንኳኑ ውስጥ ወደተሰቀለው ካርታ ሄደ፤ በመንገዱ ላይ ከአቶ ማስረሻ ደረት ኪስ ማርከሩን መዘዘው። እስከ ሦስተኛ ክፍል ተምሯል፤ ፊደሉ ትልልቅ ነው። በሐጂ ኑሪ ሳጥን ላይ ሌላ ሳጥን ሳለና ውስጡ «ቆጥ» ብሎ ጻፈ።

«እዚህ ሁለት ልጆች» አለ። ወደሚቀጥለው ሄደ። «እዚህ አራት። እዚህ ዕቃ ብቻ። እዚህ ሁለት።»

የወረዳው ሰው መነጽሩን ከአናቱ ወደ ዓይኑ አወረደ። ከነጋዴዎቹ አንዱ «አበደ እንዴ ይሄ ሰውዬ?» አለ። ውቤ ድልሁን ከግንባሩ እየጠረገ «አላበደም፤ ሁሉንም በጀርባው ነው የሚያውቀው» ብሎ መለሰለት። ስንታየሁ ወረቀቱ እንዳይወዛወዝ በመዳፉ ደግፎ ያዘለት።

ጥጋቡ አሥረኛውን ሳለና አሥራ አንደኛው ላይ ደረሰ፤ ከሌላው ትንሽ ሰፋ ያለው ሳጥን ነው።

«እዚህ ሦስት ልጆች አሉ» አለ። «አሁንም አሉ። ቁልፉን ያውጡ፣ አቶ ማስረሻ።»

አቶ ማስረሻ ዙሪያቸውን አዩ። ሁሉም እሳቸውን ያያል። እጃቸውን ወደ ብርቱካንማው ሰደርያ ኪስ ሰደዱ። ቁልፉ እዚያ ነበር። ሕይወት ስለማዳን ንግግር ሲያደርጉ፣ ዜሮ ብለው ሲያውጁ፣ ልባቸው አካባቢ ይዘውት ቆመው ነበር።

በሩ ተከፈተ። መሰላሉ ሲቆም ሦስት ልጆች በብርሃኑ ዓይናቸውን እያርገበገቡ ወረዱ። ታናሿ «ምሳ ሰዓት ደረሰ?» ብላ ጠየቀች።

ከሳምንት በኋላ ቆጦቹ ፈረሱ። የወረዳው ሪፖርት «ልምምዱ በስኬት ተጠናቋል» ይላል፤ ከሥሩ ጥጋቡ ኢክራን አዝሎ የሚያሳይ ፎቶ አለበት። ሰርተፍኬቱ አልደረሰውም። በመደዳው ውስጥ «ጥጌ፣ ና ይቺን አንሳ» የሚለው ሰው ጠፋ፤ ሲያልፍ እግሩን የሚሰበስብለትም እንዲሁ። ሐጂ ኑሪ ብቻ ሰላም ይሉታል፤ ሥራ ግን አይሰጡትም። ባበጠ ጉልበቱ ወደ እህል በረንዳ፣ ወደ ጤፉ ተመለሰ።

ሎዛ ለአንድ ወር አኮረፈችው። «መናገርህ ጥሩ ነው» አለችው አንድ ቀን ሽንኩርት እየከተፈች። «ግን ስትናገር ለእኔ ሌላ ሥራ አስበህ ነበር?»

«አላሰብኩም።»

«ካርታው ላይ ዝም ስትልስ?»

ማታ ከተኛ በኋላ የሚያያቸው አገጮች ሁሉ አልፈው ሲያልቁ አንድ የሚቀር አለ፤ ከሁሉ አብልጦ የሚንቀው አገጭ ነው፤ «እኔ ተሸካሚ ነኝ፣ ካርታ የት አውቃለሁ?» ሲል ይሰማዋል።

በኋላ ሎዛ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ምድር ላይ ያለ የስፌት ቤት ሥራ አገኘች። በመጀመሪያው ቀን ጥጋቡ የጤፍ ብናኝ የተነሰነሰበትን ልብሱን ሳይቀይር ተከትሏት ሄደ። በሩን ከፍቶ ዘጋው። ቀና ብሎ ጣሪያውን አየ። ከዚያ ወደ ስፌት ቤቱ ባለቤት፣ ወደ እትዬ ሸዋገነት ዞረ።

«እርስዎ ሲወጡ ቁልፉ ማን ጋ ነው የሚሆነው?»

«አባዬ፣ ሂድ በናትህ! አሳፈርከኝ እኮ» አለች ሎዛ።

እትዬ ሸዋገነት ግራ ተጋብተው በስፌት መኪናዎቹ መካከል ሚስማር ላይ የተንጠለጠለውን ቁልፍ አሳዩት። ጥጋቡ ቁልፉን ከሚስማሩ አወረደው፤ ከውስጥ በኩል በሩ ላይ ሞከረው። ሠራ። መልሶ ሰቀለውና፣ ማንንም ሳይሰናበት፣ ወደ ኩንታሉ ሄደ።